የሚዛወረውን ግዢ

ዘመድ አለቀብን። ሌላው ሰው ዘይት ያልቅበታል፣ ጋዝ ያልቅበታል፤ እኛ ግን ዘመድ ነው ያለቀብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ሚጢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ጽሕፈት እንሠራለን። ማመልከቻ በሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሉ፣ የተከራይና አከራይ ውል በሉ፣ የመጣውን ሁሉ እንጽፋለን። እንጽፋለን ስል ሚጢ ናት የምትጽፈው፤ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ። የምንጽፍበት ፕሮግራም የሙከራ ነው፤ አንድ ወር በነጻ ይሠራና ቀጥ ይላል። ቀጥ ሲል ሚጢ በሌላ ዘመድ ስም አዲስ አካውንት ትከፍታለች፣ ሙከራው እንደገና ይጀምራል። በእኔ ጀመርን፣ በእሷ ቀጠልን፣ ከዚያ እናታችን፣ ከዚያ አጎታችን። አክስታችንማ ተራዋ ሲደርስ ለጎረቤቱ ሁሉ «እኔም ቢሮ አለኝ» ብላ አወራች፤ አንድ ቀን መጥታ ወንበር ስጡኝ ብላ ስታዛጋ ዋለች። ነፍሱን ይማረውና አባታችንንም አልማርነውም። ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት በስሙ ጠርቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲለው እማዬ አየችና ሳምንት ሙሉ አኮረፈችን።

በዚያ ቀን ግን ሚጢ የአንዱን የሩቅ የአክስት ልጅ ስም አስገብታ ብትጠብቅ፣ ማሽኑ እንቢ አለ። በዚህ ኮምፒውተር ላይ የሙከራው ጊዜ አብቅቷል የሚል ነገር ጻፈ። ስሙን ትቶ ሳጥኑን ራሱን ለይቶት ነው። ደጋግማ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች። የተጻፈው ይታያል፣ ይነበባል፤ አንዲት ፊደል መጨመር ግን አይቻልም።

«ነቃብን» አለች።

«ማን?»

«ማሽኑ።»

የነቃው ደግሞ መርጦ መርጦ በዚያን ቀን ነው። አጠገባችን ወንበር ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው፤ ከቤታቸው ልቀቁ ተብለው ይግባኝ ሊሉ አቤቱታቸውን እያስጻፉ ነው። የመጨረሻው ቀን ያ ቀን ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። የአቤቱታው ግማሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ ግማሹ በእጅ ተጽፎ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ልጆቼ፣ ችግር አለ እንዴ?» አሉ።

«ምንም የለም ጋሼ፣ ማሽኑ ትንሽ ደክሞት ነው» አልኳቸው። ወደ ሚጢ ጠጋ ብዬ «ያንን ሌላውን፣ ነጻውን ፕሮግራም ብንጭንስ?» አልኳት።

«ባለፈው ጭነነው ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጎት ያቺ ተመራቂ እዚህ ስታለቅስ አልነበርሽም?»

ነበርኩ። መሐረብ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

«በቃ፣ መግዛት ነው እቴቴ» አለች ሚጢ። «ፍላሽ ሱቅ ሂጂ። ላይሰንሱ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንዴ ከተጫነበት ኮምፒውተር አይነቀልም። ሌላው ይዛወራል፤ ከዚህ አንስተሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትጭኚዋለሽ። ትንሽ ወደድ ይላል፤ ቢሆንም የሚዛወረውን ግዢ። እሺ? እንዳትረሺ፣ የሚዛወረውን።»

ቃሉን ጠረጠርኩት።

ምክንያት አለኝ። ሰሞኑን ሁኔታዋ አላማረኝም ነበር። ስልኳ ሲጠራ ተነስታ ውጪ ትወጣለች፤ ድሮ ግን ከማን ጋር እንደምታወራ መንገደኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። እማዬን ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ እሷን ጠይቂያት» ትልና ዓይኔን አታየኝም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሚጢ እኔን ልታስተምረኝ መነሳቷ ነው። «እቴቴ ነይማ፣ ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ እዪ። ነይማ፣ ገጽ እንዴት እንደሚቆጠር ላሳይሽ።» «አንቺ እያለሽልኝ እኔን ምን አስጨነቀኝ?» ስላት ዝም ትላለች። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ዝምታዋ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ልትሄድ ያሰበች የምትመስል ልጅ የሚዛወረውን ግዢ ትለኛለች። ወዴት ነው የሚዛወረው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ደግሞ አንዴ ከጠረጠርኩ መመለሻ የለኝም።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነው የሄድኩት። ሚጢን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው ያሳደግኳት፤ አሁን ልታመልጠኝ ነው። ያ ክፍል የቆመው በእሷ ጣት ነው። እኔ ያንን የቁልፍ ሰሌዳ ሳየው ፊደሉ ሁሉ ይደበላለቅብኛል። እሷ ከሄደች የክፍሉ ኪራይ በምን ይከፈላል? የእማዬ መድኃኒትስ? እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ገቢው መቅረቱን ብቻ አይደለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ያቺን ወንበር ባዶዋን ማየት ነው የፈራሁት። እግረኛ መንገዱ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨሁና ይቅርታ ማለት ሲገባኝ «አታይም?» ብዬው አለፍኩ።

ፍላሽ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ነው። አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ፍላሽ ዲስክ ስለሚያንጠለጥል ነው እንዲህ ያልነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። ሱቁ በገመድና በአሮጌ ማውስ ተጨናንቆ እሱ ራሱ ከመሀል በመከራ ነው የሚታየው።

«ፍላሽ፣ ለመጻፊያው ፕሮግራም ላይሰንስ ፈልጌ ነበር።»

«ውይ እትዬ! ዘመድ አለቀ?» አለና በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ቀልድህን ተወኝና አሳየኝ፤ ሰው ቁጭ አድርጌ ነው የመጣሁት።»

ሁለት ካርድ አውጥቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ሰማያዊው ከአንድ ማሽን ጋር ይቆራኛል። ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አረንጓዴው ይዛወራል። አዲስ ማሽን ስትገዢ ከአሮጌው ታነሺና እዚያ ትጭኚዋለሽ። የሁለቱም ኮድ እዚህ ከሥር ነው፣ እንደ ስልክ ካርድ ይፋቃል። ከተፋቀ በኋላ ግን መመለስ የለም፤ እንዳትመጪብኝ።»

«ማነው የሚያዛውረው? ማንም ተነስቶ ማዛወር ይችላል?»

«ማንም አይችልም። የአካውንቱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው።»

የይለፍ ቃል የምታውቀው ማናት? የእኔን፣ የእማዬን፣ የአክስታችንን፣ የሟቹን ሳይቀር የምታውቀው ማናት?

«ሌላ ከተማ ሆኖም ይቻላል?»

«ጨረቃ ላይ ሆኖም ይቻላል፣ ኢንተርኔት ካለ።»

ይሄን ጊዜ ስልኬ ጠራ። ሚጢ ናት። «አገኘሽ እቴቴ? ጋሼ በጣም ተጨንቀዋል። የሚዛወረውን ነው፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ዘጋሁትና ሁለቱን ካርዶች አየኋቸው። ይሄን ካነሳሁ እህቴ አንድ ቀን ከሩቅ ከተማ ሆና አንድ ነገር ትጫናለች፣ እኔ ደግሞ እዚህ የማይጽፍ ሳጥን ታቅፌ እቀራለሁ። ያንን ካነሳሁ ላይሰንሱ ከእኔ ክፍል አይወጣም። ላይሰንሱ ካልወጣ ደግሞ እሷም... ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ሞኝነት አልመሰለኝም። ምን ዓይነት ሰው ነሽ አትበሉኝ፤ ፈርቼ ነው።

«ሰማያዊውን ስጠኝ» አልኩት።

ስመለስ ጋሼ ቆመዋል፤ ይቀመጣሉ፣ መልሰው ይቆማሉ። ሚጢ እጇን ዘረጋች፣ ካርዱን ሰጠኋት። ገለበጠችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ እኮ የማይዛወረው ነው።»

«አረንጓዴው አልቋል አለኝ።»

እንዲህ ብዬ ዋሸሁና የተደረደረ ወረቀት አንስቼ እንደገና መደርደር ጀመርኩ። ስዋሽ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ይሄን ደግሞ ሚጢ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«አልቋል? ጠዋት ሳልፍ መስኮቱ ላይ ደርድሮት አየሁ እኮ።»

«ጠዋትና አሁን አንድ ነው እንዴ? ይሸጣላ!»

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ሚጢ ከመሳቢያው ሳንቲም አወጣችና «በቃ ይሁን፣ ጋሼ እንዳይዘገይባቸው» ብላ ሳንቲሙን ካርዱ ላይ አስደገፈችው።

ያሰብኩት ሊሆንልኝ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ዝም ብላ እሺ ማለቷ ነው ያናደደኝ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይዘሽው ልትሄጂ ነበር አይደል?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ላይሰንሱን ነዋ! የሚዛወረውን፣ የሚዛወረውን ስትይኝ የዋልሽው ለምንድን ነው? እኔ ሞኝ መሰልኩሽ? በረንዳ ላይ የምታወሪው፣ ከእማዬ ጋር የምትንሾካሾኪው የማይገባኝ መሰለሽ?»

ሚጢ መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። «እቴቴ፣ በእናትሽ! ላይሰንስ ሰርቄሽ ልጠፋ? የምሄድበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩም ላይሰንሱም ሞልቷል፤ የአንቺን ምን ልሠራበት?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያወቀችው። ሳቋ ቀጥ አለ።

«የምትሄጂበት» አልኩ።

ሳንቲሙን በጣቶቿ መሀል አገላበጠችው።

«የምትሄጂበት አልሽ።»

«ልነግርሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግርሽ እልና ፊትሽን ሳይ ያቅተኛል። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጥሮኛል። ሌላ ከተማ ነው።»

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«የወሩ መጨረሻ።»

«እና መቼ ልትነግሪኝ ነበር? አውቶቡስ ላይ ሆነሽ?»

«ልጆቼ» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጉዳያችሁ ትልቅ ጉዳይ ነው። ግን መዝገብ ቤቱ...»

«አንድ ጊዜ ጋሼ!» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ። ምስኪን፣ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ሚጢ ሳንቲሙን ጨብጣ ታለቅስ ጀመር። እሷ ስታለቅስ አፍንጫዋ ነው ቀድሞ የሚቀላው። «ይሄን ሳጥን አየሽው? ሲሞቅ ይጠፋል፣ ጎኑን ሲመቱት ይነሳል። እኔ ነኝ እየመታሁ እዚህ ያደረስኩት። እኔ ከሄድኩ በኋላ ዓመት አይከርምም። ሲሞት ሌላ መግዛትሽ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ላይሰንሱም አብሮ ከሞተብሽ ምን ልትሆኚ ነው? በዘመድ ስም እየከፈተ የሚያታልልልሽ ማን አለ? ስትደውይልኝ እዚያ ሆኜ ምን ልልሽ ነው? ለዚህ ነው የሚዛወረውን ያልኩሽ። ሌላ ምንም የለውም። የይለፍ ቃሉንም አንቺ ራስሽ እንድታወጪው ነበር ያሰብኩት፣ እኔ እንዳላውቀው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልትሰርቀኝ ነው ያልኳት ልጅ ለካ እኔን ብቻዬን አደላድላ ልታስቀምጠኝ ነው ስትለፋ የከረመችው።

ግን አለመናገሯም አንገበገበኝ። እሷ ሄዳለች ማለት ነው፤ በልቧ ከሄደች ቆይታለች። ሰማያዊው ካርድ አሁንም እጇ ላይ ነው። ዝም ብል ትፋቀዋለች፣ ጋሼም በሰዓቱ ይደርሳሉ፣ እኔም ማሽኑ ሲሞት እያለቀስኩ እደውልላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ታውቃታላችሁ፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ይሄን ሳስበው ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሚጢ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሳንቲሙን እንደገና ካርዱ ላይ አደረገች።

«አትፋቂው!»

ጩኸቴ እኔንም አስደነገጠኝ። ካርዱን ነጥቄያት ወጣሁ። «ጋሼ፣ መጣሁ! እንዳይሄዱብኝ!»

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጫማ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሮጥኩ። አንዷ «ምን ሆነች?» ስትል ሰምቻለሁ። ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ እህቴ እንድትሄድልኝ ነበር የምሮጠው። አንድ እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር እግሬ ተመለሺ ይለኛል። ቀስ ብዬ ብራመድ ፍላሽ ለምሳ ይዘጋ ነበር፣ እኔም «ምን ላድርግ፣ ዘግቶ አገኘሁት» እል ነበር። ደግሞ ይሄንንም አሰብኩት።

ስደርስ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዶታል።

«ክፈት!»

«ምነው እትዬ፣ ማሽኑ ፈነዳ?»

«ቀይርልኝ። አረንጓዴውን ስጠኝ፤ ልዩነቱን እከፍልሃለሁ። አልተፋቀም፣ እየው፣ አልተፋቀም።»

ካርዱን ብርሃን ላይ አድርጎ መረመረው። «ጥግ ጥጉን ሳንቲም ነክቶታል።»

«ነክቶታል እንጂ አልፋቀውም! ዓይን የለህም?»

«ምን አስቀየረሽ ግን? ቅድም ሰማያዊውን ብለሽ አልነበር?»

ልሰድበው ነበር አፌን የከፈትኩት። «ሚጢ ልትሄድብኝ ነው» የሚል ነው የወጣው። ከዚያ እዚያው፣ በዚያ ሁሉ የማውስ ገመድ መሀል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፍላሽ አንገቱ ላይ ያለውን ፍላሽ ዲስክ ያሽከረክራል።

«አይዞሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ደረሰኙን ይዘሽዋል?»

ይዤዋለሁ። ቀየረልኝ።

ስመለስ ሚጢ ጋሼን ውኃ እያጠጣች ነበር። አረንጓዴውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ አየችኝ። እሷ ፋቀች፣ እኔ ቁጥሩን አነበብኩላት። የይለፍ ቃል አውጪ ሲለን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔም በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ አወጣሁ። ምን እንደሆነ ለናንተም አልነግራችሁም።

ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ፤ ጋሼ «ምን ይላል?» ይላሉ፤ «ቆይ ጋሼ፣ እያሰበ ነው»፤ ከዚያ ገጹ ተከፈተ። የሚጢ ጣቶች ሰሌዳው ላይ ወረዱ። እንደዚያ ቀን በፍጥነት ስትጽፍ አይቻት አላውቅም። ጋሼ ያነባሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ከማተሚያው ሥር ትኩሱን ወረቀት እየተቀበልኩ እሰፋለሁ። ጋሼ አቤቱታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲወጡ ምርቃቱን በሩ ላይ ጀመሩት፤ የቀረውን መንገድ ላይ ነው የጨረሱት። ደርሰዋል፤ ከመዝገብ ቤቱ ደውለው ነግረውናል።

ከዚያ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሚጢ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ተቆጭኝ እንጂ እቴቴ» አለች። «ዝም አትበዪኝ።»

«አልቆጣሽም።»

«ይሄማ የባሰ ነው።»

«እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ» አልኳት። «ይሄን እወቂልኝ። ዛሬም ነገም እንዳትሄጂ ነው የምፈልገው። ግን ሂጂ።»

ልትመልስልኝ ስትል በሩ ተንኳኳ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት የያዘች ልጅ ናት። የሥራ ማመልከቻ ልታስጽፍ ነው የመጣችው፤ ትቸኩላለች። እኔን አየች፣ ሚጢን አየች።

«የምትጽፈው የትኛችሁ ናችሁ?»

ሚጢ ከልማዷ የተነሳ እጇን ለወረቀቱ ዘረጋች። ከዚያ እጇን ሰበሰበችና ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሳች። እኔን አላየችኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግቢ እህቴ፣ ቁጭ በዪ። ትንሽ ቀስ እላለሁ፣ ትታገሺኛለሽ።»

ወንበሩ ገና ይሞቃል። ወረቀቱን ከጎኔ አስደገፍኩትና የመጀመሪያዋን ፊደል መፈለግ ጀመርኩ። ከላይ አየሁ፣ ከታች አየሁ፣ የለችም። ሚጢ ከኋላዬ ቆማለች፣ ትንፋሿ አንገቴ ጋ ይሰማኛል። ፊደሏ የት እንዳለች ታውቃለች። አልነገረችኝም።